ሰኞ ሰኞ ሦስተኛ ፎቅ

ኦቦ አብዱልመሊክ፣ አይሳቁ፤ የጡረታ ሽኝት ንግግሬን ገና አልጀመርኩም።

የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት ለዚህ ሆቴል የቧንቧ ሠራተኛ ሆነው የመጡ ዕለት፣ ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርሱ «ብዙ ጊዜ ሰው ያላደረበት ክፍል የቱ ነው?» አሉኝ። ቁልፍ ሰጠሁዎት። ግማሽ ሰዓት ቆዩ። ገላዎን እየታጠቡ መስሎኝ ዘበኛ ልልክ ስል፣ የሻወሩን ራስ ነቅለው መጥተው እንግዳ መዝገቤ ላይ ቁጭ አደረጉት። ውስጡ አተላ ይዟል።

«ዝገት ነው» አልኩ።

«ዝገት አይራባም፣ ጂቱ። ይሄ ይራባል።»

ከዚያ ወዲህ ሰላም የለም። ክረምት ቱሪስት ሲጠፋ ሦስተኛ ፎቅ ይዘጋል፤ እርስዎ ግን ሰኞ ሰኞ ወጥተው ቧንቧውን ሁሉ ይከፍታሉ። የቆመ ውሃ ባክቴሪያ ያረባል፣ ሻወር ሲከፈት ከብናኙ ጋር ሳንባ ይገባል ይላሉ፤ ያውም እንግዳ ፊት። የፈሰሰውን በበርሜል አጠራቅመው ወለል ያሳጥቡናል። ከዚያ በታች ባክቴሪያው አይሞትም ብለው፣ የውሃ ማሞቂያው ቦይለር ከስልሳ ዲግሪ እንዳይወርድ ማዞሪያውን ነቅለው በኪስዎ ይዘው ይዞራሉ። አንቺ ክፍል አጽጂዋ ሽቶ፣ አትሳቂ፤ አንቺም ማዞሪያውን ስትፈልጊ አይቼሻለሁ።

የጎባዎቹን ሰርግ ግን አልረሳም። እርስዎ ታመው ቧንቧው ወር ሙሉ ሳይከፈት ቆይቷል። ሰርገኞቹ ሲደርሱ እርስዎ ድነው ተመልሰው የሦስተኛ ፎቅን ቁልፎች ጠቅልለው ይዘዋል። «ቧንቧው ውስጥ ክሎሪን ጨምሬያለሁ፤ ታጥቦ ሳይወጣ ማንም አይገባም» አሉ። ሚዜዎቹ እኔ ላይ ጮኹ። ሥራ አስኪያጃችን አቶ እሸቴ «ዛሬውኑ የስንብት ደብዳቤዎን ይወስዳሉ!» አሉዎት።

«ደብዳቤው እስኪተየብ ውሃው ይፈሳል።»

ሁለት ሰዓት ፈሰሰ። እኔም ሰድቤዎታለሁ፤ በሆዴ አይደለም፣ በአፌ። ማንም አልታመመም። ማንም ስላልታመመም ማንም አላመሰገነዎትም። ዛሬ እኔ አመሰግንዎታለሁ። ይቅርታም እጠይቃለሁ።

ትናንት በአቶ እሸቴ ፊርማ ማስታወቂያ ተለጠፈ፦ ከእንግዲህ የተዘጋ ፎቅ ቧንቧ አይከፈትም፤ ቦይለሩም አርባ ላይ ይሆናል። አቶ እሸቴ፣ ፊት ለፊቴ ስለተቀመጡ ለእርስዎው ልንገርዎት። ማስታወቂያውን ከግድግዳው ያነሳሁት እኔ ነኝ። ሰኞ ሰኞ ቧንቧ የምንከፍትባቸውን ክፍሎች ተከፋፍለናል፦ አምስቱ የሽቶ፣ አምስቱ የባልደረባዋ የሃጂራ፣ የቀሩት የእኔ ናቸው። ፈቃድ እየጠየቅን አይደለም።

በሉ፣ ለስላሳችሁን አንሱ። አቶ እሸቴ፣ እርስዎም። ኦቦ አብዱልመሊክ፣ አላህ ጤናና ዕድሜ ይስጥዎት፤ ሲናና እርሻዎ ላይ ያለው ገብስዎም ይስመርልዎት። የፊታችን ሰኞ ጧት አርፍደው ይነሱ። እኛ ሦስተኛ ፎቅ ነን። ለእርስዎ!