ለማን ብዬ ልጠግን?

ነገርን በቀጠሮ ማንዛዛት የሚለምድ ሰው ያናድደኛል፤ አስተማሪ ስለነበርኩ ይሆናል። ባለፈው ለአንድ ጉዳይ ፍርድ ቤት ብሄድ ጎረቤቴ አናጢው ኮሪደሩ ላይ ተቀምጠዋል። አጠገባቸው ሒሳብ ያጠናችው ልጃቸው አለች። አናጢው ከታናሽ ወንድማቸው ጋር ከአባታቸው በወረሱት የእንጨት ሥራ ወርክሾፕ የተነሣ ከተካሰሱ ዓመታት አልፈዋል።

«ዛሬስ ተፈረደ?» አልኳቸው።

«ኧረ ለሌላ ቀን ተቀጠረ። ግን እረታዋለሁ!»

«አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ሲረቱ ምን ያገኛሉ?» አለች ልጅቷ።

«ወርክሾፑን ነዋ!»

«የቱን? ያንን የሚያፈሰውን?»

ክሱ ከተጀመረ ወዲህ ጣሪያውን የነካ የለም። እሳቸው «ለማን ብዬ ልጠግን? እኔ አድሼው እሱ ቢረታስ?» ይላሉ፤ ወንድምየውም ያንኑ። ዝናቡ ግን ከሳሽ ተከሳሽ አይልም፤ ጣውላውን አበሰበሰ፣ ማሽኑን አዛገ። እልህ ምላጭ ያስውጣል የተባለው ለእነዚህ ነው!

«ደንበኛዎ የነበረው ባለ ሆቴል በሮቹን ሌላ ቦታ ያሠራው እጅዎን ንቆ መሰለዎት?» አለች ልጅቷ። «ዛሬ አዝዤ ነገ ቤቱ ቢታሸግስ ብሎ ፈርቶ ነው። ሠራተኞችዎም የሄዱት ለዚሁ ነው። ነገ የማን እንደሚሆን በማይታወቅ ቤት ማን ልቡን ጥሎ ይሠራል?»

«እና ለዚያ ብልጣ ብልጥ መብቴን ልልቀቅለት?»

«አይልቀቁ፣ ይካፈሉ። በሽማግሌ ተስማሙና ፍርድ ቤቱ ያጽድቀው። የእርስዎ መሆኑ የታወቀ ግማሽ፣ የማንም ካልሆነ ሙሉ ቤት ይሻላል።»

«እውነቷን ነው» አልኩ፣ አላስችል ብሎኝ።

«እርስዎ ደግሞ ምን አገባዎት!»

ይህን ሲሉ ዝናቡ መስኮቱን ይደበድበው ጀመር። አናጢው ደነገጡ። ሁለቱም ወንድማማቾች መጋዝ መያዝ የተማሩበት የአባታቸው የሥራ ጠረጴዛ ከሚያፈሰው ጣሪያ ሥር ነው። ቀና ሲሉ ታናሽየው ኮሪደሩ ጫፍ ቆሞ እሱም መስኮቱን ያያል። አናጢው ተነሥተው ወደ እሱ ሄዱ።

«አንተ፣ የአባታችን ጠረጴዛ...»

«እኔም እሱን እያሰብኩ ነው፣ ወንድም ጋሼ።»

«በል ና፣ ከዝናቡ እናውጣው፤ አንድ ጫፉን ያዝልኝ። ክሱን ነገ እንጨርሰዋለን።»

ጨረሱትም፤ በሽማግሌ እኩል ተካፈሉ፣ ስምምነቱም በፍርድ ቤት ጸደቀ። ክረምቱ ሳይወጣ ቤቱ አዲስ ቆርቆሮ ለበሰ፣ ሠራተኞቹ ተመለሱ፣ ባለ ሆቴሉም ወንበሮች አዘዘ። ለጠበቃ ይሄድ የነበረው ገንዘብ ዛሬ እንጨት ይገዛበታል። ወገኖቼ፣ ያልለየለት ነገር የሚበላውን ያህል ምስጥም አይበላ!

አንድ ቀን ልቀልድባቸው ብዬ «አሁንስ ለማን ብለው ጠገኑት?» አልኳቸው።

«ለራሴ ነዋ! ግማሹ የኔ አይደል?»

«ሌላው ግማሽስ?»

መዶሻቸውን አስቀምጠው አፈጠጡብኝ። «እሱማ የወንድሜ ነው። ታዲያ ይፍሰስበት ልበል?»