ሁለቱ ቢጫ ክኒኖች

የምስክሯ ስም፦ በመታወቂያዋ እንደሰፈረው፤ በሥራ ቦታዋ «እታለም» ተብላ ትጠራለች
ዕድሜ፦ 47
ሥራ፦ በልብስ ስፌት ቤት ቁልፍ ተካይ
አድራሻ፦ ከስፌት ቤቱ ጀርባ፣ ሁለተኛው በር
ቃሉ የተሰጠበት ጊዜ፦ ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 4፡15
ጉዳዩ፦ ለነፍሰ ጡር ስለተሰጠ መድኃኒት

እኔ ምስክሯ ማንም ሳይጠራኝ በራሴ እግር ወደ ጣቢያው መጥቻለሁ። የመጣሁት ካለፈው ቅዳሜ ጀምሮ እዚህ ታስራ የምትገኘው የሰፈራችን ፋርማሲስት ጥፋት እንደሌለባት ለማስረዳት ነው። ለታናሽ እህቴ የተሳሳተውን ክኒን የሰጠኋት እኔ ነኝ። መርማሪው ከመጀመሪያው ጀምሬ እንድናገር ስለጠየቁኝ እንደሚከተለው አስረዳለሁ።

እህቴና እኔ የምንሠራው በአንድ ስፌት ቤት ነው። እሷ ኮሌታ ትሰፋለች፣ እኔ ቁልፍ እተክላለሁ። የካውያው እንፋሎት ወረቀትና ካርቶን ስለሚያበላሽ፣ በዚያ ቤት ማንኛውም ትንሽ ነገር ከማሸጊያው ወጥቶ በብልቃጥ ይቀመጣል። ቁልፍ፣ መንጠቆ፣ የራስ ምታት ክኒን ሳይቀር። ብልቃጦቹን የምይዘው እኔ ነኝ። ነጭ ቁልፍ ብቻ አሥራ አንድ ዓይነት አለኝ፤ የወተት ነጭ፣ የጨው ነጭ፣ የአጥንት ነጭ እያልኩ እለያቸዋለሁ፤ በሃያ ዓመት ውስጥ አንድም ቀን አሳስቼ ተክዬ አላውቅም። ይህን የምናገረው ለመመጻደቅ ሳይሆን በዓይኔ ምን ያህል እተማመን እንደነበር እንዲታወቅልኝ ነው።

እህቴ ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ ውርጃ ደርሶባታል። የዛሬ ሦስት ሳምንት ገደማ፣ ሦስተኛ ወሯን እንደያዘች፣ ሐኪም ፎሊክ አሲድ ስላዘዘላት አብረን ወደ ፋርማሲው ሄድን። ፋርማሲስቷ ትንንሽ ቢጫ ክኒኖች ሰጠቻት። በቀን አንድ እንድትወስድ ከነገረቻት በኋላ «ለራስ ምታትም ቢሆን ሳትጠይቂኝ ሌላ ነገር እንዳትውጪ፤ ይሄንንም ከማሸጊያው አታውጪው» አለቻት። ስንወጣ፣ ልጅቷ ክኒኑን ሳይሆን ምክሩን ነው የሸጠችልን ብዬ እህቴን አሳቅኋት። ጠዋት ጠዋት ስለሚያቅለሸልሻት እንዳትረሳው ክኒኑን ለእኔ ሰጠችኝ። እኔም እንደ ቤታችን ደንብ ከማሸጊያው አውጥቼ በብልቃጥ አስቀመጥኩት።

ሁላችንም አባባ የምንላቸው የቤቱ ዋና ልብስ ሰፊ የጣት መገጣጠሚያ ሕመም አለባቸው። ሐኪም ያዘዘላቸው መድኃኒት በሳምንት አንድ ቀን፣ ሰኞ ብቻ የሚወሰድ ነው። እሱም ትንሽ ቢጫ ክኒን ነው። እሳቸውም ስለሚረሱ ክኒናቸው በእኔ ዘንድ፣ በሌላ ብልቃጥ ነበር። የእሳቸውን ክዳን በሰማያዊ ክር፣ የእህቴን በነጭ ክር አስሬው ነበር።

የዛሬ አሥራ አምስት ቀን፣ ረቡዕ ከቀኑ 8 ሰዓት ገደማ፣ ብልቃጦቹን ላጥብ ተነሣሁ። በዚያ ቀን የታጠበ ቢጫ ገበር እንዲደርቅ በመስኮቱ ሙሉ ተዘርግቶ ነበር። ፀሐይዋ በጨርቁ ውስጥ አልፋ ስትገባ ክፍሉ ሁሉ ማር ውስጥ የተነከረ መሰለ። ግድግዳው ቢጫ፣ ነጩ ሸሚዝ ቢጫ፣ የገዛ እጄ ቢጫ ሆነ። ከምሳ በኋላ ስለነበር የስፌት መኪናዎቹ ተራ በተራ ዝም አሉ። የካውያው እንፋሎት ቀስ ብሎ ወደ ጣሪያው ይወጣ ነበር። እህቴ የኮሌታ ክምር ተንተርሳ፣ አንድ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ አሸልባለች። ክኒኖቹን በሁለት ቁራጭ ጨርቅ ላይ አፈሰስኩና ብልቃጦቹ እስኪደርቁ እሷን እያየሁ ተቀመጥኩ። የሚወለደው ልጅ በጠረጴዛዎቹ ሥር ሲድህና ከወለሉ ቁልፍ ሲለቅም ይታየኝ ነበር። እንዳይውጠው ብዬ ከወዲሁ ተቆጣሁት። ስም ሳይቀር አወጣሁለት፤ ለማንም አልተናገርኩትም፣ እዚህም እንዲጻፍ አልፈልግም። ከዚያ ክኒኖቹን መልሼ ከተትኩ፣ ክዳኖቹንም አሰርኩ። መርማሪው ተኝቼ እንደነበር ጠይቀውኛል። አልተኛሁም፤ ነቅቼ ነበር ለማለት ግን አልደፍርም።

ከማግስቱ ሐሙስ ጀምሮ ለዘጠኝ ቀናት በየጠዋቱ አንድ አንድ ክኒን በእጄ ሰጠኋት፤ የማየው የክዳኑን ክር እንጂ ክኒኑን አልነበረም። በስድስተኛው ቀን አፏ መቁሰል ጀመረ። እርግዝና ነው፣ ያልፋል አልኳት። ባለፈው ዓርብ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ከመኪናዋ ስትነሣ ወንበሩ ላይ ደም አየንና ሆስፒታል አስገባናት። በማግስቱ ሐኪሞቹ ጽንሱ እንዳልተረፈ ነገሩን። ስትወስድ የነበረው ክኒን ያንን ብቻ ስለሆነ ባለቤቷ በንዴት ወደ ፋርማሲው ሄደ፤ እኔም አብሬው ነበርኩ። ፋርማሲስቷ የእህቴን ባል ትታ ወደ እኔ ዞራ «እትዬ፣ እባክዎ ማሸጊያውን ያሳዩኝ» አለችኝ። ጥለነዋል አልኳት። ፖሊስ ሲወስዳትም ቆሜ ረግሜያታለሁ። ይህም እንዲጻፍ እፈልጋለሁ።

ትናንት ረቡዕ ጠዋት አባባ መቀስ መያዝ አቃታቸው። ጣቶቻቸው አብጠዋል። ሁለት ሰኞ ሙሉ ክኒኑን ወስደው ምንም እንዳልሠራላቸው፣ መድኃኒቱም እንደሳቸው ሳያረጅ አይቀርም ብለው ቀለዱ። ሁላችንም ሳቅን። ስስቅ ቆይቼ ድንገት ብልቃጦቹን ያጠብኩበት ቀን ትዝ አለኝ። ሁለቱን ብልቃጥ ይዤ ወደ በሩ ወጣሁ። በቀን ብርሃን አንደኛው የእንቁላል አስኳል ነው፣ ሁለተኛው የሎሚ ልጣጭ። አንዱ መሃሉ ላይ መስመር አለው፣ ሌላው የለውም። ሕፃን ልጅ እንኳ ይለያቸዋል። በሰማያዊው ክር ያለው የእህቴ ነበር፣ በነጩ ያለው የአባባ።

ትናንት ለማንም ለመናገር አልደፈርኩም፤ ዛሬ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ ብልቃጦቹን ለሐኪሙ አሳየሁ። የአባባ መድኃኒት ነፍሰ ጡር ጨርሶ የማትወስደው መሆኑን፣ በየቀኑ ሲወሰድ ደግሞ ሌላውንም ሰው እንደሚጎዳ አስረዳኝ። የአፏ ቁስልና የደሟ መውረድ ከዚሁ የመጣ ነው ብሎ ወዲያው ሕክምናዋን ቀየረ። ለእህቴ ራሱ ሊነግራት ሲነሣ እስከ 6 ሰዓት ድረስ ጊዜ እንዲሰጠኝ ለመንኩት። ሁለቱን ብልቃጥ ለመርማሪው አስረክቤያለሁ። ፋርማሲስቷ ዛሬውኑ ወደ ቤቷ እንድትመለስ እለምናለሁ፤ እሷ የሰጠችው ትክክለኛውን ነው።

መርማሪው የምጨምረው ካለ ጠይቀውኛል። አንድ ነገር አለ። እህቴ ሆስፒታል ከተኛች ወዲህ ከነርሶች እጅ ክኒን አትቀበልም። የፋርማሲስቷን ነገር ስለሰማች ነጭ ጋውን የለበሰ ሁሉ ያስፈራታል። ስለዚህ ነርሷ አጠገቤ ቆማ የምሰጣት እኔ ነኝ። ክኒኑን አታየውም፣ ዓይን ዓይኔን እያየች ነው የምትውጠው። ትናንት ማታ «እታለም፣ አንቺ ከሰጠሽኝ ምንም አልሆንም» አለችኝ። ዛሬም 6 ሰዓት ላይ ትጠብቀኛለች። መጀመሪያ ይህንን እነግራታለሁ። ከዚያ ክኒኑን በእጄ ይዤ እጠብቃለሁ።

ይህ ቃል ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተነቦልኛል። የተናገርኩት ነው፣ እውነት ነው፤ ለራሴ ያደላሁበት ቦታ የለም ስል በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

የምስክሯ ፊርማ ____________
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ ____________
ያበቃበት ሰዓት፦ 5፡35