ነገ ሂያጆቹና የአዳማው ጉድጓድ

ኃይለየሱስ ከቀብር ሲመለስ ማንንም ማነጋገር አልፈለገም ነበር። በአዳማ ስልክ ቤት ጸሐፊ ሆኖ የተቀጠረ፣ አዲስ አበባ ትምህርቱን የጨረሰ፣ ከሰው ይልቅ ከሐሳቡ ጋር መዋል የሚወድ ወጣት ነው። የዚያን ቀን ግን ሐሳቡም አላስቀመጠው። የተቀበረው የአከራዩ የወይዘሮ አሰለፈች ልጅ ነው፤ ጠዋት ጠዋት በሩ ላይ ተቀምጦ ፊደል የሚጠይቀው ሕፃን። ተቅማጥ ይዞት ሳምንት እንኳ ሳይቆይ አለቀ። አሁን ደግሞ ታላቅ እኅቱ መሰለች በዚያው ሕመም ተኝታለች።

በለገሃሩ በኩል አቋርጦ ወደ ቤቱ ሲያዘግም ከከተማው ጉድጓድ አጠገብ ከአቶ አብተው ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠሙ። አቶ አብተው የቆዳ ነጋዴ፣ የቡልጋ ተወላጅ፣ በከተማው ካሉት የአገራቸው ልጆች ሁሉ ቃላቸው የሚሰማ ሽማግሌ ናቸው። ከቀብሩ መምጣታቸው ነው፤ ዓይናቸው ከለቅሶው ገና እንደ ቀላ ነበር።

«እንደምን ዋሉ አባቴ» አለ ኃይለየሱስ ጎንበስ ብሎ።

«እግዚአብሔር ይመስገን። እንዲህ ያለውን አበባ ቀብሮ ምን ይዋላል፣ ልጄ።»

ይህን ሲሉ በቅሏቸው ከኋላቸው ጉድጓዱ ውስጥ ነበረች። ጉድጓዱ ሐዲድ ዘርጊዎች ለራሳቸው ቆፍረው ትተውት የሄዱት ነው፤ ከዚያ ወዲህ አንድ ጎኑ ተንዶ ከብት እንደ ልቡ ይወርድበታል። በቅሎይቱ እስከ ጉልበቷ ገብታ ጠጣች፤ ስትጠግብም እዚያው ቆማ ሸናች። ከማዶ አንዲት ሴት እንስራዋን ታጠልቃለች።

የኃይለየሱስ ደሙ ፈላ።

«አባቴ፣ ልጁን ምን ገደለው ይላሉ?»

«ቆላው ነዋ። ቆላ ሰው ይበላል። እኛ ደገኞቹ ምን ቆርጦን ከዚህ ወረድን።»

«ቆላው አይደለም። እርስዎ ነዎት።»

ቃሉ ከአፉ የወጣው ሳያስበው ነው። አቶ አብተው ኩታቸውን ወደ ትከሻቸው መለሱና አተኩረው አዩት።

«ምን አልክ አንተ?»

«እርስዎም፣ እኔም፣ ይህን ውሃ እያየ ዝም ያለው ሁሉ። ከብቱ ይሸናበታል፣ ቆዳው ይታጠብበታል፣ ያንኑ ቀድተን ለልጅ እናጠጣለን። ከዚያ በነጠላ ተከናንበን እናለቅሳለን።»

«ልጄ፣ ተምረሃል ይሉኛል» አሉ አቶ አብተው፣ ንዴታቸውን በትሕትና ለመሸፈን እየሞከሩ። «ፈረንጅ ያስተማረህን አልነቅፍም። ግን ውሃ ውሃ ነው። አባቶቻችን ከብታቸው ከጠጣበት ጠጥተው ሸምግለዋል።»

«አባቶችዎ የጠጡት ከወራጅ ምንጭ ነው። ይህ የቆመ ነው። የለገሃሩን ዘበኛ ያውቁታል?»

«የምንጃሩን? እንዴት አላውቀው።»

«እሱም ደገኛ ነው፤ እሱም ቆላ ነው የሚኖር። ውሃውን ግን የሚቀዳው ባቡሩ ከሚጠጣበት ከተከደነው በርሜል ነው። ልጆቹ እንዴት ናቸው?»

አቶ አብተው ወደ ሐዲዱ ተመለከቱ። የዘበኛው ልጆች ቀኑን ሙሉ በሐዲዱ ላይ ሲሯሯጡ የማያያቸው የለም።

«ደኅና ናቸው» አሉ በመጨረሻ፣ እንደ ማይወዱት መድኃኒት ቃሉን እየዋጡ። «ይሁን። ውሃው ነው እንበል። እኔን ለምን ትይዘኛለህ? ጉድጓዱ የኔ ነው?»

አንባቢ ሆይ፣ የከተማው ሁሉ በሽታ ያለው በዚህች ቃል ውስጥ ነበር። የባቡሩን ሹም ብትጠይቁት ጉድጓዱ የከተማው ነው ይላል። የከተማውን ሰው ብትጠይቁት የባቡሩ ነው ይላል። «የከተማው ሰው» የሚባለውም ቢፈለግ አይገኝም። አንዱ የመንዝ ነኝ ይላል፣ አንዱ የሐረር፣ አንዱ የጉራጌ። እዚያው አግብቶ፣ እዚያው ወልዶ፣ እዚያው ጸጉሩ የሸበተ ሁሉ «እኔ ነገ ሂያጅ ነኝ» ባይ ነው። አቶ አብተው ራሳቸው ለቤታቸው መዝጊያ አላሠሩም፤ እስከ ዛሬ በሩ ላይ የተንጠለጠለው የበሬ ቆዳ ነው። «ለመስቀል ለምሄደው ሰው መዝጊያ ምን ያደርግልኛል» ይላሉ። ስንት መስቀል እንዳለፈ ግን የሚጠይቃቸው አልነበረም። ቡልጋ ላይ ቆርቆሮ የለበሰ ቤት አሠርተዋል፤ አንድ ሌሊት አላደሩበትም።

«ነገ ምስለኔው ሕዝቡን ዋርካው ሥር ይሰበስባል» አለ ኃይለየሱስ። «ከባቡሩ ድልድይ ሥራ የተረፈው ጥርብ ድንጋይ በእጁ ነው። ያለውን ሰምተዋል። እኔ የአዳማ ሰው ነኝ፣ ጉድጓዱም የኔ ነው ብሎ ዋስ የሚጠራ ሽማግሌ ከተገኘ ድንጋዩን ይሰጣል። ካልተገኘ ለግቢው አጥር ያደርገዋል። የቡልጋ ሰው የሚነሣው እርስዎ ሲነሡ ነው። ይነሡልን።»

«አላደርገውም።»

«ለምን?»

«ርስት አለኝ፣ ልጄ።» የአቶ አብተው ድምፅ ዝቅ አለ። «ዳኛ ፊት ቆሜ የአዳማ ሰው ነኝ ብል፣ ወሬው ሳያድር ቡልጋ ይገባል። የአጎቴ ልጆች ይህን ቀን ነው የሚጠብቁት። ‹አብተው አገሩን ለወጠ፣ በአፉ መሰከረ› ይላሉ። የአያቴ መሬት በአንድ ቃል ይሄዳል።»

«ርስት በአጥንት እንጂ በውሃ መቅጃ አይቆጠርም። ይህን እርስዎ ነዎት ለኔ ሊያስተምሩኝ የሚገባ።»

«አንተ ምን አለብህ» አሉ፤ አሁን ትሕትናው ጠፍቶ ቁጣው ብቻ ቀርቷል። «ነገ አዲስ አበባ ቢያዛውሩህ እየዘለልክ ትሄዳለህ። ንገረኝ እስቲ፣ ይዘኸው የመጣኸውን ሣጥን ፈተሃል?»

ኃይለየሱስ አልፈታም ነበር። ልብሱ ከነመጽሐፉ እንደ ታሰረ ነው፤ ማታ ማታ የሚያልመው ስለ ፒያሳ መንገድ ነው። ይህ ሽማግሌ እንዴት አወቀብኝ ብሎ ተናደደ፤ ከሁሉ ይልቅ በራሱ ተናደደ።

ይህን ሲባባሉ ኦቦ ወዬሳ ሣር የጫኑ አህዮቹን እየነዳ ደረሰ። ከተማው ያለበት ሜዳ የአባቱ የግጦሽ መሬት ነበር፤ አሁን ሣሩን ለከተማው በቅሎዎች ይሸጣል።

«አካም ኦልተኒ፣ እንደምን ዋላችሁ» አላቸውና ቆመ። «ድምፃችሁ ከገበያው ይሰማል። ማን ሞተ ብዬ መጣሁ።»

«ሞቷልማ፣ የአሰለፈች ልጅ» አሉ አቶ አብተው።

ወዬሳ ፊቱን አጠቆረ። «ውሃው ነው?»

«ውሃው ነው» አለ ኃይለየሱስ። «ኦቦ ወዬሳ፣ ነገ ሥራ ቢጀመር ሰዎችህን ይዘህ ትመጣለህ?»

«እመጣለሁ። ግን ማንን ልርዳ? ባለቤቱን ስጠኝ።» ወዬሳ በትሩን መሬት ላይ ተከለና ወደ አቶ አብተው ዞረ። «ኦቦ አብተው፣ አንተ ስትመጣ እኔ ጢም አልነበረኝም። ለአባቴ ‹እንግዳ ነኝ፣ ትንሽ ቦታ ስጠኝ፣ ለመስቀል እሄዳለሁ› አልከው። ሰጠህ። አባቴ ሲሞት ‹አብተው ሲሄድ በቦታዋ ጥጆችህን አሰማራባት› አለኝ። ጥጆቹ በሬ ሆኑ፤ በሬዎቹ አረጁ። አንተ ግን ገና እየሄድክ ነህ።»

አቶ አብተው ሊስቁ ሞከሩ።

«እኔ አልስቅም» አለ ወዬሳ። «መሬቱን ወሰዳችሁ፣ እሺ። ዛፉን ቆረጣችሁ፣ እሺ። አንድ ዛፍ የተከለ ግን አላየሁም። ውሃውን አበላሻችሁ፤ ‹የኛ አይደለም› ትላላችሁ። ታዲያ የማን ነው? ወይ ሂዱልን፣ ወይ ኑሩልን።»

ወዬሳ ይህን ብሎ አህዮቹን ነዳ። ሁለቱ ሰዎች እየተያዩ ቀሩ።

ኃይለየሱስ ሲናገር ድምፁ ተለውጦ ነበር። «አንድ ነገር ልጠይቅዎ፤ አይቆጡኝ። ባለፈው ለወንድምዎ ተዝካር ቡልጋ ሲሄዱ ምን ብለው ተቀበሉዎት?»

አቶ አብተው የበቅሏቸውን ልጓም ስበው አወጧትና ጀርባዋን ያለ ምክንያት ማበስ ጀመሩ።

«ከእንግዳ ጋር አስቀመጡኝ» አሉ ከብዙ ጊዜ በኋላ። «በገዛ ወንድሜ ተዝካር። ዳሱን ልደግፍ፣ ላስተናግድ ብዬ ብነሣ ‹አይድከሙ፣ መንገደኛ ነዎት› አሉኝ። ልጆቹ ‹የባቡር አገር ሰው መጣ› እያሉ ሊያዩኝ ተሰበሰቡ። ቤቴን ብከፍተው የአጎቴ ልጅ ጭድ ሞልቶበታል። ‹ለሰው አልባ ቤት ምን አለበት ብዬ ነው› አለኝ። በሦስተኛው ቀን ‹መቼ ነው የምትመለሰው?› ብሎ ጠየቀኝ። ‹መመለስ› አለኝ፣ ልጄ። ወዴት ነው የምመለሰው? እዚህ እንግዳ፣ እዚያ እንግዳ።»

ኃይለየሱስ ይህን ጊዜ ብዙ የሚለው ነበረው፤ ግን ሽማግሌን በወደቀበት መርገጥ ነውር መስሎት እጅ ነሥቶ ሄደ።

በማግሥቱ ዋርካው ሥር ሕዝቡ ሞልቶ ሳለ ምስለኔው ጥያቄውን ደገመ። «የዚህ ከተማ ሰው ማነው?» ሁሉም አጠገቡ ያለውን ያያል። አንዱ ይስላል፣ ሌላው ጫማውን ያያል። አቶ አብተው ከተቀመጡበት ሲነሡ የአገራቸው ልጅ ነጋዴው ሙሉብርሃን ኩታቸውን ያዘ።

«ጋሽ አብተው፣ ምን ሊሆኑ ነው? ርስትዎን ሊጥሉ?»

«ልቀቀኝ» አሉ። «ርስቴ በአያቴ አጥንት ያለች ናት። የአጎቴ ልጆች ሊከሱኝ ከፈለጉ ይክሰሱኝ፤ እቆማለሁ። ትናንት የቀበርነው ሕፃን ግን የት አገር ሰው ነበር? ቡልጋን አላያትም። መንዝን አላያትም። እዚህ ተወልዶ እዚህ ሞተ፤ ባለ አገር እሱ ብቻ ነበር፣ እሱንም እኛ መንገደኞቹ ገደልነው።»

አቶ አብተው ወደ ምስለኔው ዞሩ።

«እኔ አብተው የአዳማ ሰው ነኝ። ጉድጓዱም የኔ ነው። ዋሴም ያ የስልክ ቤቱ ልጅ ይሁን። ትናንት ገዳይ ብሎኛልና ዛሬ ይዋሰኝ፤ ወይም እሱም ሂያጅ ከሆነ ይንገረኝ።»

ዓይን ሁሉ ወደ ኃይለየሱስ ዞረ። የአዲስ አበባው መንገድ ለአንድ አፍታ ፊቱ ድቅን አለ። ከዚያ ተነሣ። «ዋስ ነኝ» አለ። «እኔም የአዳማ ሰው ነኝ።» ከሐረሮቹ አንዱ ተነሣ፤ የቆዳ ተሸካሚው ራህመቶ ተነሣ፤ በመጨረሻ ሙሉብርሃንም እያጉረመረመ ተነሣ። ምስለኔው ደስ ያለው አይመስልም ነበር፤ ለአጥሩ ድንጋዩን አስቦበት ኖሯል። ነገር ግን በሕዝብ ፊት የሰጠውን ቃል ማጠፍ አልቻለም።

ወዬሳ ሰዎቹን ይዞ መጣ። ውሃው ተጨልፎ ወጣ፣ ጭቃው ተዛቀ፣ የተናደው ጎን በጥርብ ድንጋይ ተሠራ፣ አፉም በሣንቃ ተከደነ። የከብት ገንዳ ከታች በኩል ለብቻው ተሠራ፤ ቆዳ አጣቢም ከዚያ በታች እንዲወርድ ተቆረጠ። መጸዳጃም ከጉድጓዱ ርቆ ተቆፈረ። ከዚያ ወዲህ በሕፃናት ላይ የነበረው ተቅማጥ እየቀነሰ መሄዱን ያየ ሁሉ መሰከረ። ትርፉም በጤና ብቻ አልቀረም። አንድ ጊዜ «የኔ ነው» ማለት የለመደ አፍ ለሌላውም አይከብደውም፤ ስለ ጉድጓዱ የተሰበሰቡት ሽማግሌዎች ስለ መንገዱ፣ ስለ ገበያው ዘበኛ፣ ልጆች ስለሚማሩበት ቤት ይመክሩ ጀመር። ከተማ የሚሆነው ቤት ስለ በዛ አይደለም። ነዋሪው መኖሩን ያመነ ዕለት ነው።

ይህ ሁሉ ግን በኋላ የመጣ ነው። ጉድጓዱ በተከደነበት ቀን ወይዘሮ አሰለፈች በጥቁር ልብሷ እንስራዋን ይዛ መጣች። ከድንጋዩ አጠገብ ቆመች እንጂ አልቀዳችም።

«ይህን አምና ብትሠሩት ኖሮ ምን ነበረበት፣ አቶ አብተው?» አለች።

በዚያ ዘመን ወንድ፣ ያውም የተከበረ ሽማግሌ፣ ውሃ መቅዳቱ እንደ ውርደት ይቆጠር ነበር። አቶ አብተው እንስራውን ከእጇ ተቀብለው ባልዲውን ራሳቸው ወረወሩ። የመጀመሪያው ጭቃ ጭቃ ሸተተ፤ ደፉት። ሁለተኛውንም ደፉት። ሦስተኛው ሲጠራ እንስራውን ሞሉና አዝለው በገበያው መካከል ወደ ቤቷ አቀኑ። ሰው እየዞረ ያያቸው ነበር፤ እሳቸው ግን ማንንም አላዩም።

መሰለች ከተኛችበት መደብ አጠገብ እንስራውን አወረዱ።

«ንጹሕ ነው ብለሽ እንዲሁ እንዳትሰጫት» አሏት እናቲቱን፣ ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ። «አፍልተሽ፣ አቀዝቅዘሽ ስጫት። ነገም እኔ አመጣለሁ።»