የፈረንጅ በገና በሁዳዴ

መቱ ላይ ቡና የሚገዛ አንድ ግሪክ ከጋምቤላ ፒያኖ አስመጣ። በቡሬ በኩል የተሸከሙት ሰዎች አንገታቸው ደረታቸው ውስጥ ገብቶ እስከ ዛሬ አልወጣም። ወቅቱ ሁዳዴ ነው፤ ዘፈን የለም፣ ጭፈራ የለም። የነፍስ አባቴም ጠባዬን ስለሚያውቁ «በጾም ትከሻህ ንቅንቅ ቢል ለፋሲካ አላቆርብህም!» ብለውኛል። ግሪኩ ቤት ስንሄድ አባ የፒያኖውን ክዳን አስከፍተው ቢያዩት ውስጡ አውታር በአውታር ነው። «ይኼማ የፈረንጅ በገና ነው፤ በጾም ይሰማል» አሉና አብረን ተቀመጥን።

ግሪኩ ጀመረ። እኛ አንገታችንን ደፍተን መዝሙር ስንጠብቅ ያ ሳጥን ሰርግ ቤት ሆነላችሁ! ግራ እጁ እንደ ፈረስ ይጋልባል፣ ቀኙ እንደ ጉሬዛ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ይዘላል። ጣራው ተነስቶ የተመለሰ መሰለኝ። አንድ ሰው ብቻውን፣ ያውም ቁጭ ብሎ፣ አገር ያስጨፍራል? «ያ ዋቅ፣ ያምላክ ያለህ! ሙሴ፣ ይኼ ምንድን ነው?» አልኩት ግሪኩን። «ድሮ በነገሥታት አዳራሽ የሚጨፈርበት ነው» አለኝ ሳያቆም።

አንዱ ትከሻዬ ሲነሳ ያዝኩት፤ ሌላው ተነሳ። ሁለቱንም አቅፌ እንደ በረደው ሰው ብኮራመት ወገቤ ጀመረ። ቁርባኔ ቀረ ብዬ ወደ አባ ዞር ስል መቋሚያቸው መሬቱን ይደልቃል፣ ጥምጥማቸው ግራና ቀኝ ይላል። አየኋቸው፤ አዩኝ። ማናችንም አልሳቅንም።

«ሙሴ፣ ዝጋው!» አሉ ላባቸውን እየጠረጉ። «እስከ ፋሲካ እንዳትነካው።» ተነስተው በሩ ጋ ሲደርሱ ዞር አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እኔን እየጠቆሙ፣ «የፋሲካ ለት ደግሞ እኔና ይሄ ቀልደኛ ሳንመጣ እንዳትጀምር» አሉት።