ቤት ሙሉ ሽንኩርት

በእኛ ጊዜ፣ እናንተ ልጆች፣ መንግሥት ተለውጦ አገሩ ረጋ ካለ በኋላ ማለቴ ነው፣ እዚህ ሮቢት ወንዙ ዳር ያለችው እርሻችን ማሽላም፣ ማሾ የምንለው ጥራጥሬም ነበረባት፣ አገዳውን ላሟ ትበላለች፣ እና ወተት ከቤት አይጠፋም። ታዲያ አንድ ቀን የግብርና ባለሙያው መጣ። ምላሱ ጤፍ ይቆላል። «እትዬ ከድጃ፣ ማሽላ የድሮ ነው፣ መስኖ የገባበት መሬት ሁሉ ሽንኩርት ይሁን!» «ልጆቹስ ምን ይብሉ?» ስለው «ሽጣችሁ ትገዛላችኋ!» አለኝ። ባሌ ይመርም «ዝም በይ፣ የተማረ ሰው ነው» አለኝ።

እና ሽንኩርት ሆነ። ከዳር እስከ ዳር ሽንኩርት። አገዳ የለ፣ ላሟ ከሳች፣ ተሸጠች። መድኃኒት ይረጫል፣ ይረጫል፣ የጓሯችን ንቦች ከቀፎው ሥር ረግፈው አየኋቸው። ታዲያ ያገሩ ሽንኩርት ሁሉ አንድ ላይ ደረሰ! ደላላው ከመኪናው ሳይወርድ «ገበያው ሞልቷል፣ ሞልቷል» እያለ አለፈ። ቤታችን እስከ ጣራው ሽንኩርት፣ ሽታው ዓይን ያቃጥላል፣ እና ልጄ ሰዓዳ፣ ገና ጡት መጣሏ ነው፣ እግሯ አበጠ፣ ጠጉሯ ቀላ። ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ነርሷ «ምን ትበላለች?» አለችኝ። «እንጀራ በሽንኩርት።» «ወተት ስጫት፣ ማሾ ቀቅለሽ ስጫት» አለች። ስሙኝማ፣ ማሾ አለችኝ! ጎረቤት ዞርኩ፣ ወላሂ ሁሉም ቤት ሽንኩርት ነው። ማጀቴ ከተማ ላለው ወንድሜ ላክሁበት። እሱ ማሾውን ተሸክሞ ሲደርስ ሰዎቹ ሰዓዳን ቀብረው እየተመለሱ ነበር። ኢና ሊላሂ።

ይመር ለቅሶው ሲያበቃ ወጣና ማሳው ላይ የቀረውን ሽንኩርት ነቃቅሎ ያን ማሾ ዘራው። ታዲያ ቀበሌ ጠሩት፣ ሰው በተሰበሰበበት «ፀረ ልማት ነህ!» አሉት። «እሺ» ብሎ ተቀመጠ።

ከዓመታት በኋላ ያው ባለሙያ፣ ያው ራሱ፣ ስብሰባ ጠራን። ሆዱ ወጥቷል። «ሽንኩርት ብቻ አትዝሩ! መሬቱም ተጎዳ፣ ሕፃናቱም ተጎዱ! ማሽላ፣ ማሾ፣ የተመጣጠነ ምግብ!» ብሎ ጮኸ። ተነሣሁ። «የድሮ ነው ያልከኝ አንተ አይደለህም ወይ?» አልኩት። አላፈረም እኮ! «እትዬ፣ ያን ጊዜ መመሪያው እንደዚያ ነበር» አለኝ።

«ታዲያ ምን አሉት እማማ?»

ልጄ፣ ሰዉ ያጨበጭብለታል። ሻሼን አስተካክዬ ወጣሁ። መንገድ ላይ ለይመር «ልጃችንን የገደላት መመሪያ ነው ለካ፣ ሰው ቢሆን እንከሰው ነበር» አልኩት።