ፈጣኑ ጥያቄ የዘለለው ቀን

— ሄሎ፣ ደም ባንክ… አቤት ጋሼ፣ እኔ ነኝ። ከኮምፒውተር ክፍል ከመጣሁ ጀምሮ እዚሁ ነኝ።

— አዎ፣ ኮምፒውተሩ ላይ አዲሱ የፍለጋ ጥያቄ ፈጥኖ ነበር። የደሙን ዓይነት ሲጽፉ ወዲያው ይመጣል። ግን… መልሼዋለሁ።

— ወደ ድሮው ቪው፣ ቀድሞ ወደተቀመጠው ጥያቄ። ሄሎ? ይሰሙኛል?

— ኧረ ኃላፊያችንን ዶክተርን ለማሳፈር አይደለም! አጠገብዎ ናቸው እንዴ?… እሺ፣ ድምፄን ከፍ አደርጋለሁ።

(ሲስተር፣ ከረጢቱን ጠረጴዛው ላይ ይተዉልኝ። አዎ፣ እሱን። አይውሰዱት።)

— ከማዋለጃ ክፍል የመጡ ሲስተር ናቸው። ደም የሚፈሳት እናት አለች… አዎ፣ አሁን።

— ትላንት እርስዎ ያስገቡት ጥያቄ በቪው አያልፍም፤ በቀጥታ ደሙ ሁሉ ከተመዘገበበት ሠንጠረዥ ነው የሚያነበው። የድሮው ባለሙያ ጋሽ መነጽር ደግሞ ቪውን ሲሠሩ፣ ቀኑ ያለፈበትንና ምርመራው ያላለቀውን ደም እንዳያሳይ አድርገው ነው። አዲሱ ጥያቄ ያንን ዘለለው። የፈጠነው ሥራ ቀንሶ ነው ጋሼ።

— ይኼ ጠረጴዛው ላይ ያለው? ቀኑ ካለፈ ሰንብቷል። ሊጣል የተለየ ነበር።

— እሱማ ከረጢቱም ላይ ተጽፏል። ሲቸኩሉ ግን የሚያምኑት ስክሪኑን ነው።

(ኮምፒውተሩ እየፈለገ ነው ሲስተር። ትንሽ ይታገሡኝ።)

— አዲሱ ላይ ጨምሬ ሞከርኩት። ቀኑንና ምርመራውን ስጨምርበት እሱም ልክ እንደ ቪው ዘገየ። ቪው እኮ ስም ወጥቶለት የተቀመጠ ጥያቄ ነው፤ በራሱ አያፈጥንም፣ አያዘገይም። ችግሩ ቀኑ ላይ ኢንዴክስ የለም። ማውጫ እንደሌለው መጽሐፍ ገጹን ሁሉ ይገልጣል። ከሰዓት ሰው ሲቀንስ እሠራለታለሁ።

— አውቃለሁ፣ ለዶክተር «ፈጠነ» ብለው ነግረዋቸዋል… የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል ይባላል፤ ደም ግን… ይቅርታ ጋሼ። አይለቀምም ልል ነው።

— እኔ? እኔ ላናግራቸው?… እሺ።

— አቤት ዶክተር።… አዎ፣ የመለስኩት እኔ ነኝ።… አላስፈቀድኩም።

— ጠዋት የወጡትን ከረጢቶች ከመዝገቡ አየሁ። ቀናቸው ደህና ነው፣ ምርመራቸውም አልቋል። ዕድል ነው እንጂ ጥያቄው አልጠበቃቸውም።

— አዎ፣ ይዘገያል።… አይ፣ ፈጣኑን እስከ ከሰዓት አልመልሰውም።… ገብቶኛል ዶክተር። በጽሑፍም ቢሆን እጠየቅበታለሁ።… በስብሰባውም እሺ፣ እናገራለሁ…

(ስክሪኑ ላይ መጣ? የቱ ጋ ነው?… ሁለተኛው መደርደሪያ፣ በስተግራ። ይቆዩ፣ የከረጢቱን ቀን እኔም ላንብበው።)

— ዶክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ደሙ ተገኝቷል። ስልኩን ልዘጋው ነው።