ልብ የተጠለፈበት ጋዋን

ነይ ግቢ እህቴ፣ በር ላይ አትቁሚ። ካውያው እስኪግል እዚያች ወንበር ላይ አረፍ በይ። አይዞሽ፣ የላብራቶሪው አጽም አይነካሽም፤ ከኔ ጋር ሃያ ዓመት ሲኖር አንድ ቀን ክፉ ቃል አልወጣውም። ጫማሽ እንዴት ያምራል! አዲስ ነው? ለዛሬው ሽልማት ነው? ደግ አደረግሽ፣ ጸሐፊ ከሆኑ አይቀር አለቃን ማስከበር ነው።

በሩን ተይው፣ ገርበብ ይበል። ከወዲያኛው ክፍል ሰው አለ እንዴ? … ቢኖርስ? እኔ እንደሆንኩ ስም አልጠራ፣ ሰው አላማ። ዛሬ ሥራዬ ሰው ማመስገን ብቻ ነው!

አንድ የማውቃቸው ትልቅ ሰው አሉ። ሲጀምሩ የአንጎል ተመራማሪ ነበሩ። ትዝታ አንጎል ውስጥ የት ቦታ እንደሚቀመጥ ለማወቅ አራት ዓመት ሙሉ አይጥ ሲያሯሩጡ ኖሩ። አገኙትም መሰለኝ… ብቻ የት እንዳስቀመጡት ረሱት። እኔን እንኳ ካወቁኝ አሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው፣ ዛሬም «አንቺ የላብራቶሪዋ» ነው የሚሉኝ። ምን ይደረግ፣ አይጦቹም እኮ ስም አልነበራቸውም!

ከዚያ ወደ አናቶሚ ተዛወሩ፣ ወደዚህ ወደኛ። አቤት ለሟች ያላቸው አክብሮት! አስከሬን ያለበት ክፍል ዘው ብለው ገብተው አያውቁም። በሩ ላይ ሆነው፣ መሐረባቸውን አፍንጫቸው ላይ አድርገው «ጉበቱን አሳዪያቸው» ይሉኛል። አሳያለሁ። «ኩላሊቱንስ?» አሳያለሁ። እንዲህ ያለ አስተማሪ የት ይገኛል? ጣታቸው ሳይረጥብ ስንቱን ሐኪም አስመረቁ!

ኋላ ደግሞ ማስተማሩ ጊዜ ቢያሳጣቸው ስለ ማስተማር ወደ ማጥናት ገቡ። አሁን እሳቸው ክፍል አይገቡም፤ ተማሪ ለምን ክፍል እንደማይገባ ያጠናሉ። መጠይቅ ይበትናሉ፣ መጠይቅ ይሰበስባሉ… አትሳቂ አንቺ! ታስቂኝና ይህን ጋዋን አሳርረዋለሁ፤ ከሰዓት መድረክ ላይ ሊለብሱት ነው እኮ።

ጋዋኑን ታውቂዋለሽ አይደል? ቀዩ ክር ደም ቅዳ ነው፣ ሰማያዊው ደም መልስ፣ ቢጫው ነርቭ። ልቡ ይኸው በግራ። አንዱ ተማሪ ይለብሰዋል፣ ጓደኛው በጣቱ እየተከተለ ያጠናል። ማን ጠለፈው መሰለሽ? አንዲት ሥራ የፈታች ሴትዮ! ፈተና የወደቁ ልጆች እዚህ ደጅ ተቀምጠው ሲያለቅሱ አላስችል ብሏት፣ ጣቷ ወንፊት እስኪሆን ሁለት ክረምት ስትጠልፍ ከረመች። እሳቸው ደግሞ ጥናት ሠሩበት፣ በስማቸው አሳተሙት፣ ይኸው ዛሬ ይሸለሙበታል። መቼም ረሷት አልልም፤ መጨረሻው ገጽ ላይ «የላብራቶሪውን ሠራተኛ ለጽዳት ትብብሯ እናመሰግናለን» ብለዋል። እኔ… እሷ ማለቴ፣ ሦስት ጊዜ አነበበችው። ቤቷ ገብታ አለቀሰች ብልሽ ታምኚኛለሽ? ከደስታ ነው፣ ከምን ይሆናል!

ፎቷቸውንስ አየሽው? ኮሪደሩ ላይ የተሰቀለውን፣ በር የሚያህለውን? ጋዋኑን ለብሰው እንዴት እንዳማረባቸው! ክሩ በሁለቱም በኩል ስለሚታይ ገልብጠው ለብሰውታል፤ ቋጠሮው ሁሉ ወደ ውጭ፣ ልቡም በቀኝ! ኧረ አልተሳሳቱም፣ ምን ነካሽ፣ የአናቶሚ ፕሮፌሰር እኮ ናቸው! ትናንት እንግዶቹ «እነዚህ ጉብ ጉብ ያሉት ምንድን ናቸው?» ብለው ሲጠይቋቸው፣ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «ነርቮች የሚገናኙባቸው ቦታዎች ናቸው» አሉ። እኔ መወልወያዬን ይዤ ከኋላ ቆሜ ሳቄን እንዴት እንደዋጥኩት እኔ ነኝ የማውቀው። እንግዶቹ ደግሞ ጻፉት! የሴትዮዋ የክር ቋጠሮ ሳይንስ ውስጥ ገባልሽ። እልል አትይም?

በይ አለቀ፣ እንዳይጨማደድ በሁለት እጅሽ ይዘሽ ውሰጂላቸው። በየት በኩል እንደሚለበስ አልነግርሽም፤ የፈጠሩት ሰው እንዴት ይጠፋቸዋል? … ምነው፣ ወዲያኛው ክፍል ወንበር የተንቀሳቀሰ መሰለሽ? ተይው፣ ነፋስ ነው።

ብቻ እኔ የምመርቃቸው ከአንጀቴ ነው። ዕድሜ ይስጣቸው፣ ጤና ይስጣቸው። አይበለውና አንድ ቀን አልጋ ላይ ቢውሉም የባዕድ ሐኪም እጅ አይንካቸው፤ ራሳቸው ያስተማሯቸው ልጆች ብቻ ይክበቧቸው። የልባቸውንም ምት እሳቸው በፎቶው ባሳዩአቸው በኩል ያዳምጡላቸው።

አሜን በይ እንጂ!